«ግራጁዌት» የምትለዋን ቃል ሲቪና ፎርም ላይ ሳይሳሳቱ ለመጻፍ

ቃሏ ቀላል ትመስላለች። «ግራጁዌት» ማለት ተመረቀ፣ አለቀ። ከዚያ ሲቪ እንጽፋለን፣ ስኮላርሺፕ እንሞላለን፣ ሁሌም እዚያችው ቦታ ላይ እንደናቀፋለን።

እኔም ተደናቅፌባታለሁ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ «አይ አም አንደርግራጁወት ኢን ማኔጅመንት» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ ማለቴ ነበር። ኢንተርቪው ያደረጉኝ ሰውዬ ወረቀቱን አየት አድርገው «መቼ ነው የምትጨርሰው?» አሉኝ። ጨርሻለሁ አልኳቸው። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው ያቺን መስመር በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረጓት። ሥራውን አላገኘሁም። በእሷ ብቻ ነው ማለት አልችልም፤ ያቺን የእስክሪብቶ ንክኪ ግን እስካሁን አልረሳኋትም።

እንግሊዝኛውን እዚህ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ወረቀቶቻችሁን አውጡ

ከጭንቅላታችሁ አትጻፉ። ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ወይም ኦሪጅናል ዲግሪውን አውጡ። ስቱደንት ኮፒም (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ዝርዝር) ካለ አጠገቡ አስቀምጡ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ላይ አራት ነገር ገልብጡ፦

1. የተቋሙ ስም፣ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል።
2. የዲግሪው ሙሉ ስም።
3. የተማራችሁት ዘርፍ።
4. የተመረቃችሁበት ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር።

ሁለተኛው ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው «ባችለር ኦፍ አርት» ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። «ባችለር ኦፍ አርትስ» ነው፣ መጨረሻው ላይ «ስ» አለችው። ሳይንሱ ግን «ባችለር ኦፍ ሳይንስ» ነው፣ «ሳይንስስ» አይባልም። ዲግሪው ላይ ያለውን ብቻ ቅዱ፣ አታሻሽሉት።

ኦሪጅናሉ ገና እጃችሁ ካልገባ፣ ለምሳሌ የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ክፍያችሁን ስላልጨረሳችሁ፣ አትደንግጡ። ተመርቃችኋል፣ ቴምፖውም ይህንኑ ይመሰክራል። ጉዳዩ የወረቀቱ መያዝ እንጂ ያለመመረቅ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ሰው ነው ወይስ ድርጊት?

ሰውየውም ድርጊቱም በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ንባባቸው ግን ይለያያል። የተመረቀውን ሰው ስትሉ መጨረሻዋን ላላ አድርጓት፣ «ግራጁወት»። ድርጊቱን ስትሉ ደግሞ ጎትቷት፣ «ግራጁዌይት»።

ሰው ሲሆን ከፊቱ «ኤ» ትገባለች። «አይ አም ኤ ግራጁወት ኦፍ ጅማ ዩኒቨርሲቲ።» እኛ ይቺን «ኤ» እንውጣታለን፣ ምክንያቱም አማርኛ የላትም። «ተመራቂ ነኝ» ስንል ማን «አንድ ተመራቂ ነኝ» ይላል? እንግሊዝኛው ግን ያለሷ ጎዶሎ ነው። «አንደርግራጁወት» ሲሆን ደግሞ በአናባቢ ስለሚጀምር «አን» ትሆናለች።

ድርጊት ሲሆን ያለቀ ነገር ነውና የኃላፊ ጊዜ ምልክቷን ጨምሩ፣ «ግራጁዌይቲድ»። «አይ ግራጁዌይት ኢን 2022» ብሎ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ስንናገር መጨረሻዋ ስለምትዋጥ ስንጽፍም ትቀራለች።

*ካልተሳካ፦* ሰው ይሁን ድርጊት ግራ ከገባችሁ በቃሉ ቦታ «ዶክተር» የሚለውን አስገቡ። ዐረፍተ ነገሩ ከቆመ ሰው ነው። ከፈረሰ ድርጊት ነው።

ደረጃ 2፦ «ተመረቅኩ»ን ለጊዜው እርሷት

የስህተቱ ሁሉ እናት ይቺ ናት። በአማርኛ ምርቃት ከላይ የሚመጣ ነገር ነው። አባት ይመርቃል፣ ልጅ ይመረቃል። ዩኒቨርሲቲውም እንደዚያው ያስመርቀናል፣ እኛ እንመረቃለን። እኛ ተቀባዮች ነን። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ እጃችን ራሱ «አይ ዋዝ ግራጁዌይቲድ» ብሎ ይጽፋል፣ ወይም «አይ አም ግራጁዌይቲድ»።

በእንግሊዝኛ አድራጊው ተማሪው ነው። ጨረሰ፣ ወጣ፣ አለፈ እንደምንለው አስቡት። ስለዚህ፦

ስህተት፦ «አይ ዋዝ ግራጁዌይቲድ ፍሮም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ።»
ልክ፦ «አይ ግራጁዌይቲድ ፍሮም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ።»

አንዳንድ አሮጌ የአሜሪካ ጽሑፍ ላይ «ዋዝ ግራጁዌይቲድ» ታገኙ ይሆናል። አዎ፣ ድሮ እንደዚያ ይጻፍ ነበር። እናንተ ግን አትጻፉ፤ ዛሬ የሚያነበው ሰው የድሮ አጻጻፍ አይመስለውም፣ ስህተት ነው የሚመስለው።

«ግራጁዌይቲድ ስቱደንት» የሚለውንም ሰርዙ። ከተመረቀ ተማሪ አይደለም። «ግራጁወት» ብቻውን ይበቃል። አዲስ ከሆናችሁ «ሪሰንት ግራጁወት» በሉ። የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ላይ «ፍሬሽ ግራጁወት» ይበዛል፣ እሱም ይገባል።

*ካልተሳካ፦* የጻፋችሁት ላይ «አም» ወይም «ዋዝ» ካለ፣ ቀጥላ ያለችውን ቃል እዩ። «ኤ ግራጁወት» ከሆነች ተዉት። «ግራጁዌይቲድ» ከሆነች «አም»ን ወይም «ዋዝ»ን አጥፉ።

ደረጃ 3፦ ከኋላ የምትከተለዋን ትንሽ ቃል ምረጡ

አማርኛ በአንዲት «በ» ብዙ ይሠራል። በአካውንቲንግ ተመረቀ፣ በዲግሪ ተመረቀ፣ በማዕረግ ተመረቀ፣ በ2015 ተመረቀ። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል ይፈልጋል። እኛ «ባይ» እንጽፍና እናልፋለን፣ «ግራጁዌይቲድ ባይ አካውንቲንግ»። ይህ ለሚያነበው ፈረንጅ አካውንቲንግ የሚባል ሰው ያስመረቃችሁ ነው የሚመስለው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ተቋም ከሆነ «ፍሮም»። «ግራጁዌይቲድ ፍሮም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ።»
2. ዲግሪ ከሆነ «ዊዝ»። «ዊዝ ኤ ባችለር ኦፍ አርትስ ዲግሪ።»
3. ዘርፍ ከሆነ «ኢን»፣ ግን ከዲግሪው ጋር አያይዙት። «ዊዝ ኤ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ።»
4. ማዕረግ ከሆነ «ዊዝ»። «ዊዝ ዲስቲንክሽን።»
5. ዓመት ወይም ወር ከሆነ «ኢን»። «ኢን ጁላይ 2023።»

ሲገጣጠም እንዲህ ይሆናል፦ «አይ ግራጁዌይቲድ ፍሮም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኢን ጁላይ 2023 ዊዝ ኤ ባችለር ኦፍ አርትስ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ።» ይህን ዐረፍተ ነገር ውሰዱት፣ ስሙንና ቀኑን የራሳችሁ አድርጉት። ማስዋብ አያስፈልገውም።

አሜሪካ ያላችሁ «ሺ ግራጁዌይቲድ ኮሌጅ» ሲባል ሰምታችኋል፣ ያለ «ፍሮም»። ይባላል። ለመስማት ይሁን፣ ማመልከቻ ላይ ግን «ፍሮም»ን አትተዉ፤ የሚያነበው ሰው ለሰዋስው ጥንቁቅ ከሆነ ያቺን ጉድለት ያያታል።

ደረጃ 4፦ ጨርሳችኋል ወይስ ገና?

እኔ የወደቅኩባት ጉድጓድ ይቺ ናት፣ ስለዚህ ረዘም ልበልባት።

«አንደርግራጁወት» ሰው ሲሆን የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና እየተማረ ያለ ማለት ነው። ያልጨረሰ። «አይ አም አን አንደርግራጁወት» ካላችሁ አልተመረቅኩም አላችሁ። ለዲግሪው ሲሆን ግን ልክ ነው። «አይ ሃቭ አን አንደርግራጁወት ዲግሪ» ማለት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ ነው። ልዩነቷ «ነኝ» እና «አለኝ» ላይ ናት። ዲግሪው «አንደርግራጁወት» ይሁን፣ እናንተ አትሁኑ።

«ግራጁወት ስቱደንት» ደግሞ ተመራቂ ተማሪ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት የሚማር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ «ስኩል ኦፍ ግራጁወት ስተዲስ» ሲል የድኅረ ምረቃውን ማለቱ ነበር። ጂአርኢ የሚባለው ፈተና ስሙ ውስጥ «ግራጁወት» አለ፣ የመውጫ ፈተና ግን አይደለም፤ ማስተርስና ዶክትሬት መግቢያ ነው። እኛም ጋ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚሰጠው ጋት ውስጥ ያለችው «ጂ» ያቺው ቃል ናት።

በዚህ ዓመት የምትመረቁ፣ ግቢ ውስጥ «ጂሲ» የምትባሉት፣ ሌላ ቃል አላችሁ። «ግራጁዌይቲንግ ስቱደንት» ወይም «ፋይናል ይር ስቱደንት» በሉ። «ግራጁወት ስቱደንት» ካላችሁ የሚያነበው ሰው ማስተርስ ላይ ናችሁ ብሎ ይወስዳችኋል።

አሁን የራሳችሁን ምረጡ፦

* ገና እየተማራችሁ ከሆነ፦ «አይ ዊል ግራጁዌይት ኢን» ብላችሁ ወሩንና ዓመቱን ጻፉ። ፎርሙ «ኤክስፔክትድ ግራጁዌሽን ዴት» ካለ የሚጠበቀውን ወር ሙሉ። ባዶ አትተዉት፣ የመግቢያችሁንም ዓመት አትጻፉበት።
* ከተመረቃችሁ፦ ደረጃ 3 ላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር ውሰዱ።
* ኮርስ ጨርሳችሁ መውጫ ፈተናውን ካላለፋችሁ፦ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ኮርሱ አልቆ ፈተናው ከቀረ «ግራጁዌይቲድ» አትጻፉ። «ኮምፕሊትድ ኮርስወርክ» በሉና መልሳችሁ የምትፈተኑበትን ጊዜ ጨምሩ። ጋዋን ለብሳችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ዲግሪ አይሆንም፣ ቀጣሪው ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቆ ማጣራት ይችላል።
* አቋርጣችሁ ከወጣችሁ፦ «አተንድድ» የሚለውን ተጠቀሙ። ተምሬያለሁ ማለት ነው፣ ጨርሻለሁ አይልም።

*ካልተሳካ፦* «ግራጁወት» ከሚለው አጠገብ «ስቱደንት» ካለ ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፦ አሁን ክፍል እየገባሁ ነው? ካልገባችሁ «ስቱደንት»ን አጥፉ።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ቀይሩ

2015 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ «ግራጁዌይቲድ ኢን 2015» ብሎ ውጭ ላለ ድርጅት ይልካል። የሚያነበው ሰው ከተመረቀ ስምንት ዓመት ይጨምርለታል። ከዚያ ይጠይቃል፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?

1. ዲግሪው ወይም ቴምፖው ላይ የእንግሊዝኛውን ጎን እዩ። የፈረንጅ ቀን ካለበት እሱን ቅዱ፣ ጨርሳችኋል።
2. ከሌለ ራሳችሁ አስሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከሆነ 7 ደምሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ከሆነ 8 ደምሩ።
3. ወሩንም ቀይሩ። ሐምሌ 8 ቀን 2015 ማለት ጁላይ 15 ቀን 2023 ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2016 ግን ኦክቶበር 2023 ነው። አያችሁ፣ የእኛ ዓመት ተለወጠ፣ የእነሱ አልተለወጠም።

ታኅሣሥ መጨረሻ አደገኛ ናት። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፣ እኛ ጳጉሜን 6 ባደረግን ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ 22 ላይ። እዚያ አካባቢ ከተመረቃችሁ በግምት አትጻፉ፣ የቀን መቀየሪያ አፕ ተጠቀሙ።

ሌላው ነገር፣ ሲቪው ላይ ያለውና ፎርሙ ላይ ያለው ቀን አንድ መሆን አለበት። አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በእነሱ አትጻፉ።

ደረጃ 6፦ ፎርሙ የየት አገር ነው?

አሜሪካኖች ለሁሉም «ግራጁዌይት» ይላሉ። ሃይስኩል የጨረሰም ግራጁዌይትድ ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት የጨረሰ ሕፃን እንኳ ቆብ አድርጎ ግራጁዌይት ያደርጋል። እንግሊዞች ጋ ግን «ግራጁወት» ሲባል የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ሰው ነው የሚገባቸው። ስለዚህ ለእንግሊዝ ተቋም ስትጽፉ 12ኛ መጨረሳችሁን «ግራጁዌይትድ» አትበሉት፣ «ፊኒሽድ» ወይም «ኮምፕሊትድ» በሉ። ማስተርስ ለሚማር ሰውም አሜሪካ «ግራጁወት»፣ እንግሊዝ «ፖስትግራጁወት» ይላሉ። ፎርሙ ላይ ያለውን ተከተሉ።

የዲቪ ፎርም ሞልቶ የሚያውቅ ሰው የትምህርት ደረጃ ዝርዝሩን ያስታውሳል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ በተለይ ለዘመድ የሚሞላ ሰው። «ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ» የሚል አለ፣ ቀጥሎ «ሰም ግራጁወት ሌቭል ኮርስስ» የሚል አለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው «ግራጁወት» የምትለዋን ያይና ሁለተኛውን ይመርጣል። ያ ማስተርስ ጀምሮ ላልጨረሰ ሰው ነው። ማስተርስ ካልጀመራችሁ «ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ» የሚለው ነው የእናንተ።

እዚያው ፎርም ላይ «ሃይስኩል ዲፕሎማ» የምትለዋም ታምታታለች። እኛ ጋ ዲፕሎማ ሲባል ከ12ኛ በኋላ ኮሌጅ የተማረ ሰው ነው በአእምሯችን የሚመጣው። እነሱ ጋ ሃይስኩል ሲጨርሱ የሚሰጥ ወረቀት ነው።

ደረጃ 7፦ ሳትልኩ ፈትሹት

ጽሑፉን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡና እነዚህን ፈልጉ፦ ከተቋሙ በፊት «ፍሮም» አለ? «ዋዝ» ተደብቃ ቀርታለች? ቀኑ የፈረንጅ ነው? የዩኒቨርሲቲው ስም ዲግሪው ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል?

ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ቀይ ካላሰመረ ልክ ነው ብላችሁ አትተኙ። «አንደርግራጁወት» ፊደሉ ልክ ስለሆነ አያሰምርባትም፤ እናንተ ያልተመረቃችሁ ብትሆኑ ባትሆኑ እሱ ምን ገዶት።

አፍ ላይ ስትመጣ

ኢንተርቪው ላይ «ዲድ ዩ ጎ ቱ ግራጁወት ስኩል?» ከተባላችሁ ማስተርስ ተምረሃል ወይ ነው ጥያቄው። «የስ፣ ኢን 2020» ብላችሁ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ዓመት አትስጡ። «ግራድ ስኩል» ሲሉም ያው ነው። «ዌር ዲድ ዩ ዱ ዩር አንደርግራድ?» ካሏችሁ የመጀመሪያ ዲግሪህን የት ሠራህ ነው።

ከትምህርት ውጭም ታገኟታላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ «ግራጁዌይትድ ሲሊንደር» ሚሊ ሊትሩ በመስመር የተከፋፈለ የመለኪያ ብርጭቆ ነው፣ የተመረቀ ብርጭቆ ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። «ግራጁዌይትድ ታክስ» ደግሞ ገቢው ባደገ ቁጥር መጠኑ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ግብር ነው፣ የደመወዝ ግብራችን እንደሚሠራው።

ስህተቱ ከተላከ በኋላ

ለሥራ ከሆነና የማመልከቻው ቀን ካላለፈ፣ የተስተካከለውን ሲቪ በዚያው ኢሜይል ላይ መልሳችሁ ላኩ። በሁለት መስመር ጨርሱት፦ የትምህርት መረጃዬ ላይ ስህተት ነበር፣ የታረመው ይኸው። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ትኩረት ይስባል። ቀኑ ካለፈ ዝም በሉና ኢንተርቪው ላይ ከተጠየቃችሁ በቀጥታ አስረዱ።

ለስኮላርሺፕ ከሆነ መጀመሪያ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ማረም ይቻል እንደሆነ እዩ። ካልተቻለ ለሚመለከተው ክፍል ጻፉና የዲግሪውን ቅጂ አያይዙ።

ለዲቪ ከሆነ እንደገና አትሙሉ። አንዴ የገባ ፎርም አይታረምም፣ በአንድ ሰው ስም ሁለት ፎርም ከገባ ደግሞ ሁለቱም ይሰረዛል። ዕድሉ ከወጣላችሁ ቀጥሎ በሚመጣው ትልቁ ፎርም ላይ ትክክለኛውን የትምህርት ደረጃ ሙሉ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆንስላው ለምን ተለያየ ካለ «ግራጁወት» የምትለዋ ቃል አምታታችኝ በሉት።